በረዶ የመታው ማሳ ካሳ አለው?

አራት ኪሎ ምሳ ላይ የተነሳ ጥያቄ ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባችን ደቡብ ወሎ ያሉ አጎቱ ደውለውለት ነበር። ባቄላው አበባ ይዞ ሳለ በረዶ ወርዶበት፣ ማሳው እንዳልነበረ ሆኗል። «መንግሥት የሆነ ነገር ይከፍላል አይደል?» አለን። ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ የተነሳች ሌላ ባልደረባችን ቀበል አድርጋ፣ «ለእኛ እኮ ግቢው ሲነሳ ንብረቱ ተገምቶ ካሳ ተከፍሎናል። የገበሬው ማሳስ ንብረት አይደለም እንዴ?» አለች።

መልስ ያልነበረው ሰው አልነበረም። አንዱ «ሴፍቲኔት አለ» አለ። ሌላው «ስንዴ ይሰጣቸዋል» አለ። ሦስተኛው «ኢንሹራንስ መጥቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። ሦስቱም ነገሮች በእርግጥ አሉ። ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። አንዳቸውም ደግሞ አጎቱ የጠበቁትን አያደርጉም። ለምን እንደማያደርጉ ለማየት ከሕጉ መጀመር ይሻላል፤ እሱ አጭር ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። ዝርዝሩ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ላይ አለ። የካዛንቺሷ ባልደረባችን የተከፈላት በዚህ መስመር ነው። በአጎቱ ማሳ ላይ መንገድ ቢወጣ ኖሮ እሳቸውም በዚሁ መስመር ይጠይቁ ነበር። ባቄላው ይገመትላቸዋል፣ ዛፉም ይቆጠርላቸዋል። በረዶ ግን የማንም ፕሮጀክት አይደለም። ስለ በረዶ የሚናገረው ሌላ ቦታ ነው፤ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3። መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂው እርዳታ በወቅቱ እንዲያገኝ ማድረግ አለበት ይላል።

ካሳ የሚከተለው የጠፋውን ንብረት ዋጋ ነው። እርዳታ ግን የሚከተለው የሰውየውን ችግር ነው። ካሳ ሲሰላ ካሬ ሜትር ይለካል፣ ኩንታል ይገመታል። እርዳታ ሲሰላ የሚቆጠረው አፍ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት የአምስት ሰው ራሽን ያገኛል። ቤቱ የጠፋበት ሩብ ሄክታር ይሁን ሁለት ሄክታር፣ ለስሌቱ ለውጥ የለውም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቢሮክራሲ ሁሉ ፈር ይይዝላችኋል።

ሴፍቲኔት የድንገተኛ አደጋ ክፍያ አይደለም

ብዙ የከተማ ሰው ሴፍቲኔትን ከድርቅ እርዳታ ጋር ይቀላቅለዋል። አንፈርድበትም፤ ስንዴው አንዳንዴ ከአንድ መጋዘን ነው የሚወጣው። አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው።

የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ጥናት ይደረግ ነበር፤ በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ይወጣ ነበር፤ በየዓመቱ ስንዴ ይለመን ነበር። ነገር ግን እየተቸገሩ ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ በየዓመቱ ያው ሰዎች ናቸው። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመትም መሬታቸው ጠባብ ነው፣ በሬ የላቸውም፣ የገባው እህል ክረምቱን አያሻግራቸውም። በየዓመቱ የሚመጣን ነገር እንደ ድንገተኛ እየቆጠሩ መሯሯጥ ምን ያደርጋል? ለእነዚህ ሰዎች አስቀድሞ የታወቀ በጀት ይያዝላቸው ተባለ። ሐሳቡ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ እየሰፋ ሄዶ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው የደረሰበት ጊዜ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው በወር 5 ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠግናል። ለሕፃናቱና ለአቅመ ደካሞቹ ድርሻ ትልልቆቹ ይሠራሉ። ሥራውና ክፍያው በአብዛኛው የእርሻ ሥራ ከሚቀዘቅዝበት ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 6 ወራት ነው። ክፍያው በእህል ከሆነ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው፤ በቀን 3 ኪሎ ማለት ነው። በገንዘብ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲጀመር ለቀን 6 ብር ነበር። ከዚያ 8 ሆነ፣ 10 ሆነ፣ እያለ ቀጠለ። ገበያው ግን ከዋጋ ማሻሻያው ቀድሞ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ እህል ሲወደድ ሰው «በእህል ስጡን» ይላል። ብሩን የሚመርጠው እህል ሲረክስ ነው። እዚህ ከተማ ደመወዙን በብር የሚቀበል ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መሥራት የማይችሉትስ? አረጋውያን፣ የጤና እክል ያለባቸውና ጧሪ የሌላቸው ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ አላቸው። ነፍሰ ጡርም ለተወሰነ ጊዜ ከአካፋና ከዶማ ትገላገላለች፤ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም። መሐል ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈራችን መንገድ ሲያጸዱና አረንጓዴ ቦታ ሲንከባከቡ የምናያቸው ብዙ እናቶች የከተማው ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ናቸው። እሱ የተጀመረው በኋላ ነው፤ በ2009 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች።

አሁን ወደ አጎት እንመለስ። ሴፍቲኔት ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስነው መንደሩ ነው። የቀበሌው ግብረ ኃይል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች አሉ። ስብሰባ ይጠራል፣ ሊስቱ በሰው ፊት ይነበባል። «እሱማ ሁለት በሬ አለው» ይባላል። «እሷ ልጇ ዓረብ አገር ናት፣ ትልክላታለች» ይባላል። ሐሜት ይመስላል፤ ግን ከቢሮ ሆኖ በፎርም ከመለየት የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ገጠር ውስጥ የሰው ኑሮ አይደበቅም። ችግሩ ሌላ ነው። መንደሩ 90 ቤት ተቸግሯል ብሎ ሊስት ቢያወጣ፣ ከላይ የመጣው ኮታ ለ60 ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጭቅጭቁ ያለው እነዚያን 30 ቤቶች ማውጣቱ ላይ ነው።

አጎት ደግሞ ከመጀመሪያውም ሊስቱ ውስጥ አልነበሩም። ማሳ አላቸው፣ ጥንድ በሬ አላቸው፣ በደህና ጊዜ ለሌላው የሚያበድሩ ሰው ናቸው። ሴፍቲኔት የተሠራው ለሥር የሰደደ ችግር እንጂ ትናንት ማታ ለወረደ በረዶ አይደለም። አንዲት ጠባብ መስኮት ግን ነበረች። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዓመታት ከበጀቱ 20 በመቶው መጠባበቂያ ተብሎ ይያዝ ነበር፤ 5 በመቶው በወረዳው እጅ፣ 15 በመቶው በክልሉ። ዓላማው ሊስቱ ውስጥ የሌለ ሰው ድንገት ሲወድቅ ደግፎ ለማቆየት ነው። በወረቀት ላይ ካየኋቸው ነገሮች ለአጎት የሚቀርበው ይህ ነው። ወረዳው ያችን 5 በመቶ ይዞ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው ስታስቡት ግን ተስፋችሁ ቀዝቀዝ ይላል።

ስንዴው ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?

የአደጋ ጊዜ እርዳታ የራሱ መሥሪያ ቤት አለው። የተወለደው ከወሎው ረሃብ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተብሎ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ አንድ ሰሞን እንዲያውም ግብርና ሚኒስቴር ውስጥ ገብቶ ነበር። አሁን የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ ግምገማ አለ፤ አንዱ ከበልግ በኋላ፣ አንዱ ከመኸር በኋላ። ከቀበሌ የግብርና ባለሙያው ሪፖርት ያደርጋል፣ ወረዳው ይጠቀልላል፣ ዞን ያያል፣ ክልል ያያል። ከዚያ ከመንግሥትና ከረጂ ድርጅቶች የተውጣጣ ቡድን ይወርድና ያጣራል። ወረዳዎቹ እንደ ጉዳታቸው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ይወጣል፤ ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ወር እርዳታ ይፈልጋል የሚል። ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ያ ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ነበር። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ደግሞ ከዚያ ሌላ ናቸው።

ቁጥሩ ላይ ድርድር አለ። ክልሉ ከፍ ያደርጋል፣ ምክንያቱም እንደሚቀነስበት ያውቃል። ፌዴራሉ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ከፍ ተደርጎ እንደመጣ ያውቃል። መርካቶ ዕቃ የገዛ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል።

የተፈቀደለት ሰው የሚያገኘው የታወቀ መጠን ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት። የሚታደለው በዙር ነው። ስንዴው በብዛት ከውጭ በጅቡቲ ገብቶ አዳማ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋ ካሉ ትልልቅ መጋዘኖች ይራገፋል፤ ከዚያ ወደ ወረዳ ይጫናል። ማከፋፈሉን ሦስት አካላት ቦታ ተካፍለው ሲሠሩት ቆይተዋል። አንዱ ኮሚሽኑ ራሱ ነው። ሁለተኛው የዓለም የምግብ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው በካቶሊክ ተራድኦ ድርጅት የሚመራው የረጂ ድርጅቶች ጥምረት ነው። ስንዴ ገዝቶ በመርከብ ማስመጣት ወራት ይፈጃል። የኅዳር ግምገማ ውጤት የሆነው ስንዴ መንደር ሲደርስ ወሩ ሌላ ነው።

ታዲያ የአንድ ቀበሌ በረዶ እዚህ ውስጥ የት ይገባል? ብዙ ጊዜ የትም አይገባም። ድርቅ ሰፊ ነው፤ ወረዳ ሙሉ ይመታል፣ ከሳተላይትም ይታያል። በረዶ ግን የአንዱን ማሳ ደቁሶ የጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። ወረዳው በአማካይ ደህና ከሆነ ሪፖርቱ «ሁኔታው መደበኛ ነው» ይላል። ውርጭም፣ የትንሽ ወንዝ ሙላትም እንዲሁ ናቸው። አደጋው ዜና የሚሆነው ሰው ሲሞት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ ድጋፍም ከየአቅጣጫው ሄደ። ሰው ያልሞተበት፣ ባቄላ ብቻ የሞተበት አደጋ ግን ካሜራ አይጠራም።

ይህ መስመር ከውጭ በሚመጣ እህልና ገንዘብ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ በቅርቡ ሁለት ጊዜ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ተብሎ የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ማከፋፈሉን አቆሙ፤ መጀመሪያ ትግራይ ላይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ። እንደገና እስኪጀምር ወራት ፈጀ። ከዚያ በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አገደች፤ በዚያው ዓመት ክረምት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። እህሉ ሲያንስ መንደሩ የሚያደርገውን ያደርጋል፣ ይካፈላል። የአንድ ቤት ራሽን ለሁለት ቤት ይሆናል። ለጋሾች ይህን እንደ ጥፋት ይመዘግቡታል። ጎረቤቱ ጾሙን እያደረ ብቻውን መብላት ለማይሆንለት ሰው ግን ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የማይቆጠረው ኪሳራ

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አምስት ሰው ያለው ቤት ግማሽ ሄክታር ጤፍ ዘርቶ ሙሉ በሙሉ ጠፋበት እንበል። አገራዊው የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ነው። ስለዚህ ያጣው 9 ኩንታል ነው። ይህ ቤት የአደጋ ጊዜ እርዳታ ውስጥ ገብቶ ለ3 ወር ሙሉ ራሽን ቢያገኝ፣ የሚደርሰው 225 ኪሎ ስንዴ ነው። ከጠፋው ሩቡን ተካ ብለን እንቀበል። ጤፍና ስንዴ በገበያ ዋጋቸው እኩል አለመሆኑን ለጊዜው እንተወው።

ትልቁ ክፍተት ግን ኪሎው ላይ አይደለም። ማሳ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋ ነገር አለ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ዘር አለ። በብድር የተወሰደ ማዳበሪያ አለ፤ ሰብሉ ሲጠፋ ዕዳው አብሮ አይጠፋም። ከሁሉ በላይ በሬው አለ። ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው አዝመራ ለመድረስ የሚሸጠው ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ዶሮና በግ ይሸጣል፣ ከዚያ ጊደር፣ መጨረሻ ላይ በሬ። በሬ የሸጠ ሰው ዝናብ ቢመጣም የሚያርስበት የለውም። መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ ምርቱ ግማሽ ይሆናል። በዓመቱ፣ ምናልባት በሁለተኛው ዓመት፣ ያ ሰው ራሱን የሴፍቲኔት ሊስት ውስጥ ያገኘዋል።

የእኛ ሥርዓት የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ያንን አስተምረው አልፈዋል፤ ይህን ማቃለል አይቻልም። ሰው ድሃ እንዳይሆን ግን አልተሠራም። ሊስቱ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ መውደቅ ያስፈልጋል። አጎት አሁን ያሉት መውደቂያው ጫፍ ላይ ነው። ለእርዳታ ሀብታም ናቸው፤ ለማገገም ደግሞ ድሃ ናቸው። ለዚህ ቦታ ክፍያ የለም።

ማሳ የሚቆጠርበት አገር

ምሳ ላይ አንዱ «አሜሪካ ቢሆን ይከፈላቸው ነበር» ብሎ ነበር። ግማሽ እውነት አለው።

እዚያ መለኪያው ካውንቲ ነው፤ በመጠኑም ሆነ በአስተዳደር እርከኑ ለእኛ ወረዳ ይቀርባል። በየሐሙሱ የድርቅ ካርታ ይወጣል። አንድ ካውንቲ በካርታው ላይ «ከባድ» የሚባለው ደረጃ ላይ ለ8 ተከታታይ ሳምንት ከቆየ፣ ወይም ከዚያ የባሰው ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ከገባ፣ በግብርና ሚኒስትሩ በኩል የአደጋ ቀጣና ይባላል። ለሌሎች አደጋዎች ቢያንስ የአንድ ሰብል ምርት በ30 በመቶ መቀነሱ ይታያል። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ «እሱ ሁለት በሬ አለው» አይልም።

አዋጁ ሲወጣ ግን ብር አይዘንብም። በመጀመሪያ የሚከፈተው ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ነው። ገንዘቡ በሌሎች በሮች ነው የሚገባው። ድርቅ ግጦሽ ያሳጣው አርቢ ከወር የመኖ ወጪው 60 በመቶ ተሰልቶ ይከፈለዋል። ከብቱ በአደጋ የሞተበት ከገበያ ዋጋው 75 በመቶ ያገኛል። ሰብል ዘሪው ደግሞ በብዛት ኢንሹራንስ አለው፤ ለኢንሹራንሱ ከሚከፈለው አረቦን በአማካይ 60 በመቶ ገደማውን የሚከፍልለት መንግሥት ነው። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ኮንግረሱ ልዩ ሕግ ያወጣል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ብቻ ለገበሬዎች ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ለአደጋ ኪሳራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስችለው ወረቀት ነው። ገበሬው ምን ያህል መሬት ላይ ምን እንደዘራ በየዓመቱ በካውንቲው ቢሮ ያስመዘግባል። ያላስመዘገበ አይከፈለውም። እኛ ዘንድ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ገበሬ ብዙ ነው። ዘንድሮ በዚያ መሬት ላይ ምን እንደተዘራና አምና ስንት ኩንታል እንደገባ የሚናገር መዝገብ ግን የለም። የጠፋውን ለመክፈል የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ማሳ የሚቆጥር ሥርዓት ሰፊ ማሳ ላለው ብዙ ይከፍላል። እዚያም ዋናው ክርክር ይኸው ነው፤ ብዙውን ገንዘብ ትልልቆቹ እርሻዎች ይወስዱታል። እኛ ነገ ተነስተን አፍ መቁጠሩን ትተን ሄክታር እንቁጠር ብንል፣ መሬት የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ዜሮ ታገኛለች። ስለዚህ አፍ መቆጠሩ ጥፋት አይደለም። ቅሬታዬ ማሳውን የሚቆጥር ሁለተኛ በር አለመኖሩ ላይ ነው።

ኢንሹራንሱስ?

ሁለተኛው በር እንዲሆን የታሰበው መድን ነው። አገራችን በዚህ ነገር ቀዳሚ ከሚባሉት ናት። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ለኢትዮጵያ ድርቅ ውል ገብቶ ነበር። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዝናብ ቢጠፋ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል። ዝናቡ ጥሩ ሆነና ሰባራ ሳንቲም አልተከፈለም።

ቀጥሎ የመጣው ለገበሬው በቀጥታ የሚሸጥ ነው። በ2001 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ በትንሹ ተጀመረ። ብር የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በሴፍቲኔት ሥራ እንዲከፍል መደረጉ ብልህ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ቦረና ላይ ለአርብቶ አደሩ የከብት መድን መሸጥ ጀመረ። ሁለቱም በጠቋሚ የሚሠሩ ናቸው። ማንም ማሳችሁን መጥቶ አያይም። ሳተላይት የዝናቡን መጠን ወይም የሣሩን ልምላሜ ይለካል፤ ልኬቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ ውል ያለው ሁሉ ይከፈለዋል። ይህ ርካሽ ነው። ለማጭበርበርም አይመችም። ግን ሳተላይቱ «ዘንቧል» ካለና የአንተ ማሳ ላይ ካልዘነበ፣ ዕድልህ ነው።

ለአጎትስ? ከሰማይ ስትታይ ያች ማሳ ዝናብ አግኝታለች፤ እንዲያውም በደንብ። በረዶም መሆኑን የዝናብ ጠቋሚው አያውቅም። የድርቅ መድን ቢኖራቸው እንኳ አይከፈላቸውም ነበር። በረዶን የሚሸፍነው ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን የሚገምትበት ዓይነት ነው፤ ያ ደግሞ ለሩብ ሄክታር ባቄላ ሲሆን የገማቹ አበል ብቻውን ከአረቦኑ ይበልጣል።

እዚህ አራት ኪሎ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፊት የቀረበ አንድ ረቂቅ ነበር፤ የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ማቋቋሚያ አዋጅ። የውጭው እርዳታ እየሳሳ ሲሄድ አገሩ በራሱ ገንዘብ ይዘጋጅ የሚል ነው። ከተቀጣሪ ደመወዝ መዋጮ የመሰብሰብ ሐሳብ ስለነበረበት ከተማው ውስጥ ያወራነው ስለ ደመወዛችን ብቻ ነበር። ስንት ይቆረጣል ብለን ጠየቅን። ሲወጣ ለማንና በምን መለኪያ እንደሚወጣ የጠየቀ ብዙ አልሰማሁም። ወረዳ ሳይጠብቅ ለአንድ ቀበሌ ይደርሳል ወይ? ዘርና በሬ ይተካል ወይስ ያው 15 ኪሎው ነው? ደመወዜ የሚቆረጥ ከሆነ ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አጎት አሁን ምን ያድርጉ?

ባልደረባችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና ምን ልበላቸው?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይንገሩና ማሳውን ያሳዩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከታረሰ የጉዳቱ ማስረጃ የለም። ብቻቸውን ከሚሄዱ በረዶው የመታቸው ጎረቤቶች ሁሉ አብረው ይመዝገቡ፤ ሦስት ቤት ሪፖርት አይሆንም፣ ሠላሳ ቤት ይሆናል። ገንዘብ ከመጠየቅ ደግሞ ዘር መጠየቁ ይቀላል። ወሩ ነሐሴ ከሆነ እንደ አካባቢው ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ በቀረው እርጥበት ሊደርስ ይችላል። ወረዳው ብር ባይኖረው ዘር ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ካለ መክፈያው ሳይደርስ ያበደራቸውን ክፍል ያናግሩ። ከቀኑ በፊት የተጠየቀ ማራዘሚያና ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት አንድ አይደሉም። ሦስተኛ፣ የእርዳታ ሊስት የሚነበብበት ስብሰባ ላይ ይገኙ። ስማቸው ከቀረ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ቅሬታውን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ።

ለባልደረባችን የነገርነው ደግሞ ስለ ጊዜው ነው። እዚህ ያለነው ዘመዶች ገንዘብ የምንልከው ብዙ ጊዜ ለበዓል ነው፤ ለመስቀል፣ ለገና። አደጋ ሲደርስ ግን ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ከብት ወደ ገበያ ያወጣል፤ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ይወጣል። በገና የተላከ ብር የተሸጠውን በሬ አይመልስም። ባልደረባችን ያንኑ ዕለት ከሰዓት በቴሌብር ላከ። አጎቱን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ከመስከረም በፊት በሬውን ገበያ እንዳያወጡት» አላቸው። እሳቸውም በጉን ብቻ ሸጠው እንደሚያዩት ነግረውታል።